ጠባቂ የሚፈልግ ቻርጀር፦ በይፋት ቆላ ባትሪን በፓወር ሰፕላይ መሙላትና ማራገፍ

በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መካከል ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቁልቁለቱ ግን ከ1,400 ሜትር በላይ ነው። ጣርማበር ላይ ጣሊያኖች የፈለፈሉትን ዋሻ ያለፈ መንገደኛ ደብረ ሲና ሲደርስ ጋቢውን ያወርዳል፤ ሮቢት ሲገባ ጥላ ይፈልጋል። አንድ ዓይነት የእርሳስ ባትሪና አንድ ዓይነት ፓወር ሰፕላይ በሁለቱ ከተሞች አስቀምጠን ሁለቱንም 14.4 ቮልት ላይ ብናስራቸው፣ የደብረ ብርሃኑ ባትሪ ሳይጠግብ ይነሳል፤ የሮቢቱ ደግሞ ከልኩ በላይ ተግቶ ውሃውን ያተናል። መሣሪያው የታዘዘውን ቮልቴጅ በታማኝነት ሰጥቷል፤ የአየሩን ጠባይ ግን አያውቅም። ባትሪን በጠረጴዛ ፓወር ሰፕላይ መሙላት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው በጠጋኞች ዘንድ የቆየ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ይህን ረስቶ ነው።

በእኔ እምነት መልሱ ይቻላል ነው። ያውም ከገበያ ከሚገዛው ርካሽ ቻርጀር በተሻለ ጥራት ይቻላል። ነገር ግን ሮቢት ባለበት በይፋት ቆላ ሁለት ነገሮች መሣሪያውን ያጋልጡታል፤ ሙቀቱና የመብራቱ መጥፋት። የሁለቱንም መላ ሳያበጅ ባትሪ አስሮ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ከባትሪው በፊት መሣሪያውን ሊያጣ ይችላል።

ጠረጴዛው ላይ ያለው መሣሪያ

ፓወር ሰፕላይ በትንንሽ ከተሞች ቀድሞ የሚገኘው በሞባይል ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ ነው። የተለመደው ባለ 15 ቮልትና ባለ 2 አምፔር የሆነው ትንሹ ዓይነት ሲሆን፣ ዋና ሥራውም ባትሪን መተካት ነው። ጠጋኙ የስልኩን ባትሪ አውጥቶ ወደ 4 ቮልት ገደማ ከመሣሪያው ይሰጥና የአምፔሩን ቁጥር ያነባል። ማብሪያው ሳይነካ ከረንት ከተሳበ ቦርዱ ላይ ሾርት ወይም የሚያፈስ ዕቃ አለ ማለት ነው። ማብሪያው ተጭኖም ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ በሽታው ሌላ ነው። ይህን የለመደ እጅ የደከመ ባትሪ ሲመጣለት በዚያው ገመድ ለመሙላት ቢሞክር አያስገርምም።

ከፍ ያለው ዓይነት ባለ 30 ቮልትና ባለ 5 ወይም ባለ 10 አምፔር ነው። እሱ የሚያስፈልገው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ የሶላር ነጋዴ፣ የመኪናና የባጃጅ ኤሌክትሪሺያን ነው። እነዚህ ሰዎች ዘንድ የሚመጣው ባትሪ የአካባቢውን ኑሮ ይነግራል። ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ ገበሬ በጀርባው የሚያዝለው ኬሚካል መርጫ፣ ባለ 12 ቮልትና ባለ 8 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በሆዱ ይዟል። እሑድ እሑድ በሰንበቴ ገበያ ልብስ የሚያሻሽጠው ድምፅ ማጉያም ተመሳሳይ ባትሪ አለው። መስመር ካልደረሰበት ቀበሌ የሶላር መብራት ይመጣል፤ ከፀጉር ቤት የፀጉር መቁረጫ ማሽን ይመጣል፤ ከቢሮ የኮምፒውተር ዩፒኤስ ይመጣል። ባለቤቱ «እስቲ ወንድሜ፣ ይቺን አስነሳልኝ» ብሎ ያስቀምጣል። ብዙውን ጊዜ የሞተው ባትሪው አይደለም፤ ቻርጀሩ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ በሚከተለው የቮልቴጅ መወርወር ተቃጥሏል፤ ምትኩ በዚያ ሶኬት ልክ ገበያ ላይ አይገኝም።

ነገሩ እየበዛ እንጂ እያነሰ አይሄድም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን መርሐ ግብር በ2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም መብራት ለማዳረስ ሲያቅድ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ በሆኑ መንገዶች ነበር ያሰበው። ከመስመር ውጭ ማለት በአብዛኛው ሶላር ማለት ነው፤ ሶላር ካለ ደግሞ ባትሪ አለ፤ ባትሪ ካለም ጠጋኝ ዘንድ መምጣቱ አይቀርም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ። በፊቱ ሁለት ማዞሪያ አለው፤ አንዱ የቮልቴጅ፣ ሌላው የከረንት ጣሪያ ነው። ባዶ ባትሪ ሲታሰር ከረንቱ ጣሪያው ላይ ይቆማል፤ የ«ሲሲ» መብራት ይበራል፤ የባትሪው ቮልቴጅ ቀስ እያለ ይወጣል። የተወሰነለት ቮልቴጅ ላይ ሲደርስ መሣሪያው ወደ «ሲቪ» ይዞራል፤ ቮልቴጁ ጸንቶ ይቆምና ከረንቱ እየሳሳ ይሄዳል። የእርሳስም ሆነ የሊቲየም ባትሪ አሞላል በመጽሐፍ የሚታዘዘው ይኸው ነው። ስለዚህ መሣሪያው ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም የሚሉ ሰዎች ግማሽ እውነት ነው የሚናገሩት። የጎደለው ሌላ ነው፤ ሰዓት አይቆጥርም፣ ሙቀት አይለካም፣ ባትሪው ሲሞላ አያቆምም፣ በተገላቢጦሽ የታሰረ ባትሪንም እምቢ አይልም።

አሠራሩ ለጀማሪ ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቃል። መጀመሪያ ባትሪው ሳይታሰር ቮልቴጁ ይስተካከላል፤ ይህም በመሣሪያው መስታወት ላይ በሚታየው ቁጥር ሳይሆን በታመነ መልቲሜትር ይረጋገጣል። መስታወቱ አንድ በመቶ ቢሳሳት ለመኪና ባትሪ ምንም አይደለም፤ ለአንድ የሊቲየም ሴል ግን 0.04 ቮልት ማለት ነው፣ ይኸም ለስህተት ከተፈቀደለት ድርሻ አብዛኛውን ይበላል። ቀጥሎ ሁለቱ ገመዶች ተነካክተው የከረንቱ ጣሪያ ይወሰናል። ከዚያ በኋላ ነው ባትሪ የሚታሰረው፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በመውጫቸው ላይ በተገላቢጦሽ የተቀመጠ መከላከያ ዳዮድ አላቸው። ባትሪው ተገልብጦ ሲታሰር ያ ዳዮድ የባትሪውን ጉልበት ሁሉ ይቀበላል። የመኪና ባትሪ በሾርት ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፤ ዳዮዱ በቅጽበት ይነዳል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ የሚገባ ፊውዝ የሚያስወጣው ገንዘብ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ስለ ገመድም አንድ ነገር። ከመሣሪያው ጋር በካርቶን የሚመጣው ቀጭን ገመድና መቆንጠጫ 0.1 ኦም ያህል ሬዚስታንስ ቢኖረው፣ 5 አምፔር ሲያልፍበት ግማሽ ቮልት ይበላል። መስታወቱ 14.4 ሲል ባትሪው ላይ ያለው 13.9 ነው። ከረንቱ ሲሳሳ ልዩነቱ ስለሚጠፋ መጨረሻው ላይ አደጋ የለውም፤ ሰዓቱን ግን ያራዝመዋል። «ይሄ ፓወር ሰፕላይ ደካማ ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ገመዱ ነው።

የእርሳስ ባትሪና የቆላው ሙቀት

የእርሳስ ባትሪን ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ጠባዩ ብዙ አልተለወጠም። ባለ 12 ቮልቱ ስድስት ሴሎች አሉት፤ ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 እስከ 12.7 ቮልት ያሳያል፤ 12 ቮልት ከደረሰ ሊያልቅ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት 14.4 ቮልት አካባቢ ይሞላል፤ ታስሮ እንዲቆይ ከተፈለገ ደግሞ ወደ 13.6 ይወርዳል። ከረንቱ የአቅሙ አንድ አሥረኛ ቢሆን ይመረጣል፤ ለ7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 0.7 አምፔር ማለት ነው፤ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይፈጃል።

እነዚህ ቁጥሮች በየባትሪው ጎን ታትመዋል፤ ሁሉም ያውቃቸዋል። ከጎናቸው በትንሹ የተጻፈው «በ25 ዲግሪ» የሚለው ነው የሚዘለለው። የእርሳስ ባትሪ በሞቀ ቁጥር የሚፈልገው ቮልቴጅ ይቀንሳል፤ ልኩ በአንድ ሴል ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ነው። መካከለኛውን 4 እንውሰድና በስድስት ሴል እናባዛው፤ 24 ሚሊቮልት ይሆናል። በግንቦት ከሰዓት በኋላ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ባትሪ 38 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ከ25ቱ በ13 ዲግሪ በልጧል፤ ስለዚህ ልኩ ከ14.4 ወደ 14.1 ይወርዳል። ደብረ ብርሃን በጠዋት 12 ዲግሪ ላይ ያለው ባትሪ በተቃራኒው 14.7 ይፈልጋል። በአንድ ዞን፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ የ0.6 ቮልት ልዩነት አለ ማለት ነው። ጥሩ የሶላር ኮንትሮለር ሙቀት የሚለካ ገመድ ኖሮት ይህን በራሱ ያስተካክላል። ፓወር ሰፕላዩ ግን የሰው እጅ ይጠብቃል።

ልዩነቱ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው በደረቁ ባትሪ ላይ ይሞክረው። በመርጫውና በድምፅ ማጉያው ውስጥ ያለው ደረቅ ባትሪ ክዳኑ የተዘጋ ነው፤ ከልክ በላይ ሲሞላ የሚያጣውን ውሃ መልሶ የሚጨምርለት የለም። ሲደርቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ይሞቃል፣ ይነፋል። ሙቀት ብቻውን ምንም ሳይሞላ እንኳ ዕድሜውን ይበላል። በባትሪ ሰሪዎች ዘንድ የታወቀው ልማዳዊ ስሌት ከ25 ዲግሪ በላይ በየ8 እስከ 10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይላል። በመሆኑም የቆላ ሰው ባትሪው ቶሎ ሞተብኝ ብሎ ነጋዴውን ሲወቅስ ዕቃው የግድ ሐሰተኛ ነው ማለት አይቻልም።

ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል። ሮቢት ውስጥ ሱቆች በራቸው ክፍት ስለሆነ ነፋሱ ይረዳል። ችግሩ ሌሊት ነው፤ ባትሪው ታስሮ በሩ ከተዘጋ። መቆንጠጫ የሚነቀለውም መሣሪያው ከጠፋ በኋላ እንጂ እየሠራ አይደለም፤ ፍንጣሪው የሚወጣው ያኔ ነውና።

ሊቲየም፦ አንድ የሚመስሉ የማይመሳሰሉ

የሊቲየም-አየን ባትሪን ሶኒ ለገበያ ያቀረበው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጉዱኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 የኖቤል ሽልማት የወሰዱበትም ሥራ ነው። በይፋት ገጠር ድረስ የገባው በስልክ ነው። የአሞላሉ ሕግ አጭር ነው፤ ለአንድ ሴል 4.2 ቮልት፣ ከረንቱ የአቅሙ ግማሽ፣ ከዚያም ከረንቱ ወደ አንድ አሥረኛ ወይም አንድ ሃያኛ ሲሳሳ ማቆም። የእርሳስ ባትሪ ከሞላ በኋላ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ታስሮ ቢቆይ ይጠቅመዋል። ሊቲየም ግን 4.2 ላይ ታስሮ ማደር አይወድም፤ በሙቀት ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። እኔ በቆላ የምመርጠው 4.1 ላይ ማቆምን ነው። ከአቅሙ ጥቂት ይጎድላል፤ በለውጡ ዕድሜው በሚታይ ልክ ይረዝማል፤ መሣሪያው ትንሽ ቢሳሳትም መሸሻ አለው።

እዚህ ላይ ጠጋኞች «ቡስት» የሚሉት ነገር ይመጣል። ባትሪው በመልቲሜትር ዜሮ ያሳያል፤ ስልኩም ቻርጀሩን አያውቀውም። ብዙ ጊዜ ዜሮ የሚለው ሴሉ ሳይሆን በላዩ ያለችው መከላከያ ቦርድ መንገዱን ስለዘጋች ነው፤ ሴሉ ወደ 2.4 ቮልት ሲወርድ ትቆልፋለች። ፓወር ሰፕላዩን 4.2 ላይ አድርጎ፣ ከረንቱን በጣም አሳንሶ ለጥቂት ሰከንድ መስጠት ቁልፉን ይከፍተዋል። እስከዚህ ድረስ ትክክለኛ ሥራ ነው። ሴሉ ራሱ ለብዙ ጊዜ ከ2 ቮልት በታች ቆይቶ ከሆነ ግን ውስጡ ያለው መዳብ ሟሙቷል፤ ተመልሶ ሲሞላ መዳቡ በማይገባው ቦታ ይረጋና ውስጣዊ ሾርት ይሠራል። እንዲህ ያለው ባትሪ ለዛሬ «ተነስቶ» ነገ በደንበኛው ኪስ ውስጥ ሊነድ ይችላል። ጠጋኙ የሚኮራበት ማስነሳት እዚህ ላይ ቢቀር ይሻላል። በ9 ወይም በ12 ቮልት በቀጥታ መትቶ የሚያስነሳው ሰው ነገር ደግሞ ከጥገና አይቆጠርም።

የስልክ ባትሪ ሦስተኛ እግር ያለው አለምክንያት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሙቀት መለኪያ ነው። ስልኩ በዚያ እግር የባትሪውን ትኩሳት እያየ፣ ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ መሙላቱን ይቀንሳል ወይም ያቆማል። ጃፓኖች በ2007 እ.ኤ.አ. ለላፕቶፕ ባትሪዎች ያወጡት መመሪያም ይህንኑ ድንበር ይዟል። በፓወር ሰፕላይ ሲሞላ ሦስተኛው እግር ባዶውን ይቀራል። አየሩ ራሱ 36 ዲግሪ በሆነበት ከሰዓት በኋላ 45 የሚደረሰው በዘጠኝ ዲግሪ ነው፤ ሮቢት ውስጥ የሊቲየም ባትሪ በማለዳ ቢሞላ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን የመልክ ስህተት ነው። ባለ 3.7 ቮልቱ ሴልና በብዙ የሶላር መብራቶች ውስጥ የሚገኘው ባለ 3.2 ቮልቱ የሊቲየም-ብረት-ፎስፌት ሴል በቁመትም በውፍረትም አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። የኋለኛው የሚሞላው እስከ 3.65 ብቻ ነው። ልጣጩ የተነሳ ሴል በግምት 4.2 ሲሰጠው ይጎዳል። እንደዚሁ መርጫው ላይ የእርሳሱ ባትሪ ሞቶ በሦስት ሊቲየም ሴል የተተካ እንደሆነ፣ ልኩ 12.6 ቮልት ነው። ሶኬቱ ያው ስለሆነ በልማድ 14.4 የሰጠው ሰው ለእያንዳንዱ ሴል 4.8 ቮልት ሰጥቷል። መከላከያ ቦርዱ ካለ ያድናል፤ ከሌለ እሳት ነው። ባትሪ የቀየረ ባለሙያ በመርጫው ሆድ ላይ በማርከር «12.6» ብሎ ቢጽፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ኒኬል ባትሪዎች በቆዩ የፀጉር ማሽኖችና በገመድ አልባ የቤት ስልኮች ይገኛሉ። እነሱን በቋሚ ቮልቴጅ መሙላት አይገባም፤ ሲሞሉና ሲሞቁ ቮልቴጃቸው ስለሚወርድ መሣሪያው ይበልጥ ከረንት ይጨምርላቸዋል። የአቅማቸውን አንድ አሥረኛ ከረንት ለ14 እስከ 16 ሰዓት መስጠት፣ ከዚያ መንቀል ነው። የሬዲዮ ድንጋይን ደግሞ ማንም ሰው አይሙላ። ፀሐይ ላይ አስጥቶ ትንሽ ማስነሳት የኖረ ልማድ ነው፤ በፓወር ሰፕላይ ግን ድንጋዩ ያፈሳል ወይም ይፈነዳል።

መብራት ሲጠፋ

ክርክሩ ሁሉ ስለ ቮልቴጅ ሲሆን በቆላው ከተሞች መሣሪያ የሚገድለው ሌላ ነው። ባትሪው ታስሮ እየሞላ መብራት ይሄዳል። መሣሪያው ከመስመሩ የሚያገኘው ኃይል ቆመ፤ በመውጫው በኩል ግን ባትሪው አሁንም ታስሯል። ከረንቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። በአንዳንዱ መሣሪያ መብራት ጠፍቶም መስታወቱ በደብዛዛው ሲበራ ይታያል፤ ባትሪው መሣሪያውን እየቀለበው ነው። የሚስበው 100 ሚሊአምፔር ቢሆን እንኳ በ12 ሰዓት 1.2 አምፔር-ሰዓት ይሄዳል፤ ከ7ቱ አንድ ስድስተኛው ገደማ ማለት ነው። ደንበኛው በማግሥቱ የሚወስደው ትናንት ካመጣው ያልተሻለ ባትሪ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ ለዚህ የተገላቢጦሽ ፍሰት አልተሠራም፤ ትራንዚስተሩ ይሄዳል።

ከዚያ መብራት ይመጣል። መሣሪያው ሲነሳ ምን ያደርጋል? ማዞሪያ ያለው አሮጌው ዓይነት በነበረበት ይቀጥላል። በቁልፍ የሚታዘዘው አዲሱ ዓይነት ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ መውጫውን ዘግቶ ሰው ይጠብቃል፣ ወይ የመጨረሻውን ትእዛዝ አስታውሶ ይቀጥላል። የቱ እንደሆነ ገዢው ሱቅ ውስጥ ገመዱን ነቅሎ መልሶ በመሰካት ሊያውቅ ይችላል። ሲገዛ ከቀለሙና ከመስታወቱ ስፋት በፊት ይህን ቢሞክር ይጠቀማል።

ቀላሉ መላ ዳዮድ ነው። በፖዘቲቩ ገመድ ላይ ሾትኪ የሚባለው ዓይነት አንድ ዳዮድ በተከታታይ ሲገባ ከረንቱ ወደ ባትሪው ብቻ ይሄዳል። የዚህ መላ ዋጋ ከ0.3 እስከ 0.5 ቮልት የሚደርስ ጉድለት ነው፤ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። በሙሉ ከረንት ጊዜ ግማሽ ቮልት ጎደለ ብለው መሣሪያውን በግማሽ ቮልት ከፍ ያደርጉታል። ከረንቱ ሲሳሳ የዳዮዱ ጉድለትም ይቀንሳል፤ ባትሪው ከልኩ በላይ ይወጣል። ለእርሳስ ባትሪ የሚቻል ስህተት ነው፤ ለሊቲየም አይደለም። ማስተካከያው በመጨረሻው ቀጭን ከረንት ጊዜ፣ በባትሪው እግር ላይ እየተለካ መደረግ አለበት። ዋጋቸው ከፍ ያሉ መሣሪያዎች የባትሪውን ቮልቴጅ በራሱ በባትሪው እግር ላይ የሚለኩ ሁለት ተጨማሪ ቀጫጭን ገመዶች አሏቸው፤ ይህን ጣጣ ያስቀሩታል። ሪደን አርዲ6006 የተባለው ባለ 60 ቮልትና ባለ 6 አምፔር መሣሪያ ደግሞ ለባትሪ ለብቻው የተለየ መውጫ አለው፤ የገባውን አምፔር-ሰዓትም ይቆጥራል።

መሣሪያው ራሱም ይሞቃል። ብዙዎቹ እስከ 40 ዲግሪ አየር ድረስ እንዲሠሩ ነው የተነገረላቸው። ባለ ትራንስፎርመሩ ከባድ ዓይነት በተለይ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ላይ ብዙ ከረንት ሲሰጥ ትርፉን ኃይል በሙቀት ያወጣዋል። በ30 ቮልት መሣሪያ አንድ የስልክ ሴል በ5 አምፔር መሙላት ለሴሉም ለመሣሪያውም ቅጣት ነው። ማታ ማታ ሁሉም ሰው ምጣዱንና መብራቱን ሲከፍት 220 የተባለው ቮልቴጅ ብዙ ሊወርድ ይችላል፤ ያኔም ይህ ዓይነቱ መሣሪያ የተባለውን ልክ መያዝ ያቅተዋል። ቀላሉ ስዊቺንግ ዓይነት ይህን ይቋቋማል። በጀርባው ያለችው ቀይ መቀየሪያ 110 ላይ መሆን አለመሆኗን ሳያይ የሚሰካ ግን በመጀመሪያው ቀን ይሰናበተዋል።

ማራገፍ

ብዙ ሰው ፓወር ሰፕላይ ባትሪን ማራገፍም የሚችል ይመስለዋል፤ ቮልቴጁን ከባትሪው ዝቅ ካደረግኩት ባትሪው ወደ መሣሪያው ይፈሳል ብሎ። ተራው መሣሪያ የሚሰጥ እንጂ የሚቀበል አይደለም። ሰጪም ተቀባይም የሆኑ አሉ፤ የኪትሊ 2400 ዓይነቶቹ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ሁለቱንም ያደርጋሉ። ዋጋቸው ግን ለሱቅ ሳይሆን ለዩኒቨርሲቲ ነው።

ማራገፍ ለምን ያስፈልጋል? ባትሪን «ለማሠልጠን» ከሆነ አያስፈልግም። አዲስ ስልክ ስምንት ሰዓት መሞላት አለበት፣ በየወሩ እስኪጠፋ መጨረስ አለበት የሚለው ምክር ከኒኬሉ ዘመን የተረፈ ነው፤ ለእርሳስ ባትሪ እንዲያውም ጎጂ ነው፣ ባዶውን የቆየ የእርሳስ ባትሪ ሰልፌት ይጋገርበታልና። ማራገፍ የሚጠቅመው ለመለካት ነው። «ይህ ባትሪ ይሠራል?» ለሚለው የደንበኛ ጥያቄ በቮልቴጅ ብቻ የሚሰጥ መልስ ዋጋ የለውም። ያረጀ ባትሪም ሞልቶ 12.7 ያሳያል፤ ጭነት ሲይዝ ነው የሚዋረደው።

ለዚህ የሚበቃው መሣሪያ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። የፍሬቻ አምፖል 21 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይስባል። ሞልቶ ያረፈ ባለ 7 አምፔር-ሰዓት ደረቅ ባትሪ በዚህ አምፖል 10.5 ቮልት እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ገደማ መቆየት አለበት። በአርባ ደቂቃ ከወረደ አልቋል፤ ገበሬው ማሳው መሃል ሳይደርስ መርጫው ይቆምበታል። አምፔር-ሰዓቱ ሙሉ 7 የማይሆነው ባትሪ በፈጠነ ቁጥር የሚሰጠው ስለሚቀንስ ነው፤ ባትሪው ላይ የተጻፈው አቅም የሃያ ሰዓት አለቃቀቅ ነው። የበለጠ ለማረጋገጥ ባለ 5 ዋቱን አምፖል መጠቀም ይቻላል፤ ከ0.4 አምፔር ብዙም አይበልጥም፣ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ፈጣኑ መንገድ ደግሞ መውረዱን ማየት ነው። ያለ ጭነት 12.6 የነበረ ባትሪ የፍሬቻው አምፖል ሲበራ ወዲያው 12.2 ከሆነ፣ 0.4 ቮልት ለ1.75 አምፔር ሲካፈል 0.23 ኦም ይሆናል። ጤነኛው ከዚህ ብዙ እጥፍ ያነሰ ነው።

ለአንድ የሊቲየም ሴል ባለ 4.7 ኦምና ባለ 5 ዋት ሬዚስተር ይበቃል፤ 0.8 አምፔር አካባቢ ይስባል፣ በ3 ቮልት ይቆማል። ይቆማል ስል ሰው ካስቆመው ነው። የማራገፍ ትልቁ አደጋ መርሳት ነው፤ አምፖሉ እየደበዘዘ ባትሪውን እስከ ታች ያሟጥጠዋል። ለባለ 12 ቮልቱ ርካሽ መፍትሔ አለ። ተራ የሶላር ኮንትሮለር በጭነት መውጫው በኩል ባትሪው ወደ 11 ቮልት ሲወርድ በራሱ ይቆርጣል። አምፖሉን በዚያ አስሮ ከጎኑ የግድግዳ ሰዓት ማቆም ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ ኮንትሮለር ከተለካ ባትሪዎችን እርስ በርስ ለማወዳደር ይበቃል። ሊጣል ያለውን የሊቲየም ባትሪ በጨው ውሃ ነክሮ ማራገፍ የሚባለው ግን አይሆንም፤ ባትሪው ሳያልቅ እግሩ ዝጎ ይበጠስና ጉልበቱ ውስጡ ይቀራል።

እንግዲህ ለአንድ የሮቢት ሱቅ ምን ይሻላል? ለአንድ ሴል ቲፒ4056 የምትባለው ትንሽ ቦርድ ከማንኛውም ፓወር ሰፕላይ ትበልጣለች። 1 አምፔር ትሰጣለች፣ 4.2 ላይ ትይዛለች፣ ከረንቱ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ራሷ ታቆማለች፤ በጣም የወረደ ሴል ሲገጥማትም በቀጭኑ ትጀምራለች። ለብዙ ሴል አይማክስ ቢ6 የሚባለው ቻርጀር ሴሎቹን እያመጣጠነ ይሞላል፣ በዝግታም ቢሆን ያራግፋል፤ የማራገፍ ጉልበቱ 5 ዋት ብቻ ነው። ይህ ቻርጀር የሚበላው ከ11 እስከ 18 ቮልት ዲሲ ነው። እንግዲህ ፓወር ሰፕላዩ ከባትሪው ጋር ፊት ለፊት ከመታሰር ይልቅ ቻርጀሩን ቢቀልብ ዳዮዱም ሰዓት ቆጠራውም ለቻርጀሩ ይተዋል። መብራት ሲጠፋ ከሶላር ፓነል ላይ ኤክስኤል4015 በምትባል ቦርድ ቮልቴጅና ከረንት ወስኖ መሥራትም ይቻላል፤ ከ36 ቮልት የማይበልጥ ፓነል ከሆነ፣ ደመና ሲመጣም መታገሥ ከተቻለ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ከባትሪ ጋር የማስረው ቻርጀር የማይችለው ሲመጣ ነው፤ የተቆለፈች የስልክ ባትሪ ለማስከፈት፣ ወይም አዳዲስ የሊቲየም-ብረት-ፎስፌት ሴሎችን ጎን ለጎን አስሮ 3.65 ላይ እኩል ለማጥገብ። ለዚህ ሁለተኛው ሥራ ከእሱ የተሻለ ዕቃ የለም።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ማለቱ የባትሪ ሥራውን ወደ ሌላ ደረጃ እየወሰደው ነው። የኤሌክትሪክ ባጃጆች ባትሪ ብዙ ጊዜ 60 ወይም 72 ቮልት ነው። ባለ 30 ቮልቱ ፓወር ሰፕላይ እዚያ አይደርስም፤ ሁለት መሣሪያ ቀጥሎ ለመድረስ የሚሞክር ሰው ደግሞ ዲሲ ከ60 ቮልት በላይ ሲሆን ሰው እንደሚይዝ ይወቅ። ባትሪው ተፈትቶ ሴል በሴል ሲመረመር ግን ያቺው የሞባይል ጠጋኝ ትንሽ መሣሪያ፣ ያው መልቲሜትርና ያው ሬዚስተር ይበቃሉ።